ተዘዋዋሪ የሐሰት መልእክት
ተዘዋዋሪ የሐሰት መልእክት፣ ደራሲው ሳይታወቅ በኢሜይልና በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ የሚዛመት፣ ተቀባዩንም በገዛ ፈቃዱ አባዢ የሚያደርግ የፈጠራ ወሬ ነው። ቀድሞ በወረቀት ይዞር የነበረው፣ ገልብጦ ያላዳረሰውን በመቅሠፍት የሚያስፈራራው ደብዳቤ የዚሁ ዘር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 «ጉድ ታይምስ» የተሰኘ ኢሜይል ኮምፒውተርን ያጠፋል ያለው ማስጠንቀቂያም፣ አንዳች ቫይረስ ሳይኖር በብዙ አገር ተሠራጭቷል።

ያልተመረመረ ወሬ ነፍስ እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም በሜጫ አካባቢ ታይቷል፤ ሕፃናትን በክትባት ይመርዛሉ የሚል አሉባልታ በመሰማቱ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሕዝብን ሊጠቅሙ በወጡበት፣ በግፍ ተገደሉ። የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል።

የተዘዋዋሪ የሐሰት መልእክት ዋነኛ ምልክቶች ቀን አለመጥቀስ፣ ምንጩን «አንድ ሐኪም» ብሎ መሸፈን፣ ከሁሉም በላይ «አሁኑኑ ለሁሉም ላኩ» እያለ ማጣደፍ ናቸው። ስለዚህ የሊማሊሞ መንገድ ተዘግቷል የሚል መልእክት አዲ አርቃይ ሳለ የደረሰው ሰው፣ ለዘመድ ከማስተላለፉ አስቀድሞ ደባርቅ ላለ ወዳጁ ደውሎ ይጠይቅ፤ ማረጋገጫ ካላገኘም መልእክቱን ለማንም ሳይልክ እርሱ ዘንድ ያስቀረው።