ፀሐይ ወይስ መደበቂያ? የመኪና ቲንት ታሪክ

መኪናውን ቲንት ያስለጠፈ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ፀሐይ ነዋ!» ነው። የትራፊክ ፖሊስ ግን ጥቁር መስታወት ሲያይ የሚያስበው ውስጥ ማን እንዳለ ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

የፀሐይ መከላከያ ፊልም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ዓላማው የሕንፃን ሙቀት መቀነስ ነበር። ወደ መኪና ሲሻገር የተስፋፋው በቀለም የተነከረው ርካሹ ዓይነት ነው። ይህ ፊልም ብርሃንን ውጦ ያጨልማል እንጂ ሙቀትን ብዙም አይመልስም። ሲያረጅም ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ስስ ብረት የተቀባው ፊልም ሙቀትን ይመልሳል፤ የስልክና የጂፒኤስ ሞገድን ግን ሊያውክ ይችላል። የካርቦን ፊልም ሞገድ አያውክም፤ ቀለሙም ቶሎ አይለቅም። የመጨረሻው ሴራሚክ ነው። እሱ በዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ለይቶ ስለሚይዝ፣ መስታወቱ ለዓይን ክፍት ሆኖ እንኳ ሙቀቱን ይቀንሳል።

ክርክሩ ጎልቶ የወጣው ሕንድ ውስጥ ነው። የአገሪቱ ደንብ የፊትና የኋላ መስታወት 70፣ የጎን መስታወት ደግሞ 50 በመቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያዝዛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2012 (እ.ኤ.አ.) ከዚህም አልፎ በመስታወት ላይ ማንኛውንም ፊልም መለጠፍ ከለከለ። ጥቁር መስታወት ለወንጀል መሸፈኛ ሆኗል የሚለው አንዱ ምክንያቱ ነበር። ከፍተኛ ጥበቃ የሚደረግላቸው ሰዎች ግን በፈቃድ ከክልከላው ነፃ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጸ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በዴልሂ በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ወጣት በቡድን ተደፈረች፤ ከቀናት በኋላም ሕይወቷ አለፈ። የአውቶቡሱ መስታወት ጥቁር ነበር፤ መጋረጃም ነበረው። የፖሊስ ኬላዎችን ሲያልፍ ማንም አላስቆመውም። ክልከላው ከወጣ ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

ይህ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ የማያስፈጽመው ሰው የሌለው ሕግ ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ፊልም በጅምላ መከልከል ከፀሐይ የሚሸሸውንና ከሰው ዓይን የሚሸሸውን አንድ ላይ ይቀጣል። ሕንድም ቆይታ ደንቧን አሻሽላለች፤ የኬራላ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2024 (እ.ኤ.አ.) የብርሃን መጠኑን የጠበቀ ፊልም መለጠፍ እንደሚቻል ወስኗል።

ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፦ ፊልሙን ሳይሆን ጨለማውን መለካት። መለኪያው ግን በትራፊክ ፖሊሱ እጅ መኖር አለበት፤ የባለሥልጣኑም የታክሲውም መኪና በእኩል ሊለካበት ይገባል። ሙቀትን ያለ ጨለማ መከላከል ከተቻለ በኋላ «ፀሐይ ነዋ!» የሚለው መልስ ለጥቁር መስታወት አይበቃም። ጨለማውን የሚፈልግ ሌላ ምክንያት ያቅርብ።