መርጡለ ማርያም፤ እንግዳ ያየውና ጎረቤት የጠበቀው

የአንድን ቤት እውነተኛ ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። አንዱ ከሩቅ መጥቶ ያየ እንግዳ ነው፤ ሁለተኛው በአጥሩ ሥር የሚኖር ጎረቤት ነው። እንግዳው ዓይኑ አዲስ ነውና ጎረቤት ለምዶት ያለፈውን ነገር ልብ ይላል። ጎረቤት ግን ክረምት ከበጋ አብሮ ኖሯልና በአንድ ቀን ጉብኝት የማይገኘውን ያውቃል። ከሁለቱ የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ፣ ፍርዱ ምንጊዜም ጎዶሎ ነው።

በእኛ በጎጃም ከተማው ስሙን ከቤተ ክርስቲያኑ ይወስዳል። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ እነብሴ የሚሄድ መንገደኛ የሚያገኛት መርጡለ ማርያምም እንደዚሁ የገዳሟን ስም የያዘች ከተማ ናት። መርጡል ማለት በግዕዝ አዳራሽ፣ መቅደስ ማለት ነው። እኔም ስለ እንግዳና ስለ ጎረቤት ምስክርነት ስጽፍ ከዚህች ቤተ ክርስቲያን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጎረቤትን ቃል እንስማ። የአገሩ ሰው መርጡለ ማርያምን ከአክሱም ጽዮንና ከጣና ቂርቆስ ጋር አብሮ ይጠራታል፤ ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባት ነበር ይላል። ቤተ ክርስቲያኗን የተከሉ አብርሃና አጽብሃ ናቸው፣ በኋላም ያከበረቻት ንግሥት እሌኒ ናት ብሎ ለልጁ ይነግራል። የገዳሟ አለቃም ርእሰ ርኡሳን በሚል ማዕርግ ይጠራል።

እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ አባቷ እስላም ነበር። ወደ ቤተ መንግሥት የገባችው በጋብቻ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 በልጅነቱ ሲነግሥ አገሩን በሞግዚትነት ያስተዳደረች እርስዋ ናት፤ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችም እርስዋው ናት። እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ ጎረቤት የእኔ ብሎ የሚመካባት ይህች ሴት ራስዋ ለዚህ ሃይማኖት በእንግድነት የመጣች መሆኗን ልብ በል። እንግዳ የነበረች ሠራች፤ ስለ ሠራችም ባለቤት ሆነች።

አሁን ደግሞ የእንግዶችን ቃል እንስማ። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የኖረው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። እርሱ እሌኒ በጎጃም ስላሠራችው ቤተ ክርስቲያን የጻፈው የሰማውን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የነገረንም በመንበሩ ላይ ስለ ዋለው ወርቅ ነው። ያ ወርቅ ለብዙ ዘመን አልቆየም። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ጠፋ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌሎች እንግዶች መጡ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ወንድሙ ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ጎጃምን ይገዛ ነበርና የኢየሱሳውያን አባቶች በጎጃም ትልቅ ሥልጣን አገኙ። በመርጡለ ማርያም በእሌኒ ሥራ ቦታ ላይ በድንጋይና በኖራ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማነጽ ጀመሩ። ሥራውን ይቆጣጠር የነበረው ብሩኖ ብሩኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ነበር። ከ1624 ጀምሮ በአገሩ የነበረው ማኑኤል ደ አልሜይዳም በጻፈው የታሪክ መጽሐፍ በድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ጽጌረዳዎች አድንቋል። እርሱ በድንጋዩ የተመለከተው የአገሩን የግንብ ሥራ የሚመስለውን ነው።

በዚያው ጊዜ በአጥሩ ሥር የሚኖረው ሰው ምን ያይ ነበር? ጽጌረዳውን ማየቱ አይቀርም። ነገር ግን ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ከመጣ በኋላ የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ቄሶች እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ የሰንበትና የጾም ሥርዓት እንዲለወጥ ታዘዘ። አባቱንና አያቱን በአሮጌው ሥርዓት ለቀበረ ገበሬ ይህ ትእዛዝ አባቶችህ ክርስቲያን አልነበሩም ከማለት የሚለይ አልነበረም። ስለዚህ ግንቡ ምንም ያማረ ቢሆን በእርሱ ዓይን የግዴታ ምልክት ሆነ። አገሩ በየአቅጣጫው ሸፈተ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠር ገበሬ አለቀ፤ ሱስንዮስም የወገኑን ሬሳ አይቶ ልቡ ተሰበረና የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፣ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስም አባቶቹን ከአገር አስወጣ። ብሩኒ ግን ተደብቆ ቀረ፤ በ1640 ከጓደኛው ከሉዊስ ካርዴራ ጋር ተሰቅሎ ሞተ።

ይህን ስጽፍ ልቤ ወደ ሁለቱም ወገን ያዝናል። በወይና ደጋ ለወደቀው ገበሬም፣ ድንጋይ አስጠርቦ በመጨረሻ ለተሰቀለው ሰውም ማዘን ይገባል። ሁለቱም አንዱን እግዚአብሔር ይጠሩ ነበር። ያጣላቸው የድንጋዩ አሠራር አይደለም፤ ሃይማኖትን በማስረዳት ፈንታ በትእዛዝ ማስያዝ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1842፣ ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ መርጡለ ማርያምን ጎበኘ። ቤክ ስለ ንግድና ስለ ምድር አቀማመጥ ሊመረምር የመጣ ሰው ሲሆን፣ በጎጃምም በባሶ ገበያ አካባቢ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል። በ1847 ስለ ፍርስራሹ የጻፈው ጽሑፍ በለንደን የጥንታዊ ነገር መርማሪዎች ማኅበር መጽሔት ወጣ። አልቫሬዝ ወርቅ፣ አልሜይዳ ጽጌረዳ፣ ቤክ ፍርስራሽ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ የታየው ልቡ ሲፈልገው የነበረው ነገር ነው።

ሊቃውንቱ እስከ ዘመናችን ድረስ ከፍርስራሹ የቱ የእሌኒ፣ የቱ የኢየሱሳውያን እንደ ሆነ ሲመረምሩ ኖረዋል። የአገሩ ሰው ግን የእሌኒ ሥራ ነው ይላል፤ የብሩኒን ስም አያነሣም። ስለዚህ ጎረቤትን ሐሰተኛ አንበለው። ሕዝብ ያቆሰለውን ስም ይረሳል፤ ያጽናናውን ስም ይይዛል። ይሁን እንጂ ጎረቤት በድንጋዩ ላይ ቂም አልያዘም እላለሁ። ማስረጃዬም ከግንቡና ከቅርጹ የተረፈው ዛሬም በገዳሙ ግቢ መኖሩ ነው። ካህናቱም ከፍርስራሹ አጠገብ በአገሩ ልማድ ክብ ሆኖ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳሉ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ከእናንተ አንዳንዶች የፈረንጅ መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ በአገራችን ያማረ ሕንፃ ሁሉ የባዕድ ሥራ ነው ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊት እሌኒ በዚያው ቦታ ማሠራቷን የጻፈ ግን ራሱ ፈረንጅ ነው። ሌሎች ደግሞ የባዕድ እጅ ከቶ አልነካውም ብለው ይፎክራሉ። እርሱም ከንቱ ትምክህት ነው፤ የሌላውን ሰው ድካም ክዶ የራስን ማክበር አይቻልምና።

ወደ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም የእናንተ ወዳልሆነ የጸሎት ቤት በደረሳችሁ ጊዜ፣ አስቀድማችሁ ግድግዳውን በጥንቃቄ ተመልከቱ፣ ልኩን ያዙ፣ ጻፉ፤ ይህ የእንግዳ ሥራ ነው። ቀጥሎም በደጁ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥታችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ቤት ማን እንደ ተጠመቀ፣ ማን እንደ ተቀበረ፣ በክፉ ቀን ማን እንደ ተጠለለ ይንገራችሁ። ቅርጽ የተቀረጸበትንም ድንጋይ ማንም ለቤቱ መሠረት እንዳይወስደው ጠብቁ፤ አንድ ጊዜ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ለእንግዳም ለጎረቤትም ምስክር ሊሆን አይችልምና።