አቀንጭራና ቅኔ

እንግዲህ አድምጡኝማ። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ዳገቱን ስትወጡ ዋድላን ታገኛላችሁ። የቅኔ አገር ነው፤ ሊቃውንቱ የቅኔ ቤቶችን ሲጠሩ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ዋድላን ሳያነሡ አያልፉም። ከወልድያ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ሀብሩ ነው፦ ስሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፤ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ማንጎው። የዛሬው ትረካዬ የላዩን ጉባኤ ከታቹ ማሳ ያገናኛል።

የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይማራል። ከመንደር ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ታዲያ በየጊዜው አዲስ ሰም፣ ማለትም ከላይ የሚታየው ምስል፣ ከየት ይገኛል? ዓይን ካየው ነዋ! ከእርሻው፣ ከገበያው፣ ከምንጩ። ወርቁ፣ ከሥር የተሰወረው ምሥጢር፣ ግን የጌታ ነገር ነው።

እኔ የማምነውን ልንገራችሁ፦ ሰሙን በወጉ ያላየ ሰው ወርቁንም ያበላሻል።

አንድ ተማሪ ከዋድላ ወርዶ በመርሳ ማሳ ዳር ሲያልፍ አስቡት። ክረምት ነው፤ መሬቱ ርሷል፤ ማሽላው ግን ውኃ እንደ ጠማው ጠውልጓል። ከሥሩ አጠገብ ሐምራዊ አበባ ያላት ቆንጆ ተክል ቆማለች። አቀንጭራ ናት። ተማሪው «ይህማ ወንጌል የተናገረለት እንክርዳድ ነው» ብሎ ቅኔውን ሊጀምር ይችላል። እዚህ ላይ ነው ቆም ብሎ ባለማሳውን «አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» ማለት ያለበት።

እንክርዳድ ከስንዴው ጎን ይበቅላል እንጂ ሥሩን አይነክስም። አቀንጭራ ግን ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ቅመም ሲደርሰው ይነቃል፤ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። እናንተ አበባዋን ስታዩ ጉዳቱ ከመሬት በታች ተጀምሯል። አንዷ ተክል ብቻዋን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ስለዚህ የምትነቀለው ሳታብብ ነው።

አሁን ማቴዎስ ምዕራፍ 13ን ክፈቱ። ባሮቹ እንክርዳዱን እንንቀል ሲሉ ጌታቸው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል እስከ መከር ተዉት አላቸው። ያ ምሳሌ በሌላው ላይ ለመፍረድ የሚቸኩለውን እጃችንን ይይዛል። አቀንጭራ ግን የገዛ ልቤ ነገር ናት፤ ቂሜና ምቀኝነቴ። እርሷን እስከ መከር ልተዋት ብል ማሳዬን አጣለሁ። ሁለቱን ያምታታ ሰባኪ ጎረቤቱን ይነቅላል፣ የራሱን ቂም ያሳድጋል። ይህን ስናገር ልቤ ይነካል፤ እንዲህ ያለ ስብከት ሰው ሲለያይ አይቻለሁና።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኤጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከሚቋቋሙት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ያን ቀስቃሽ ቅመም እጅግ አነስ አድርገው ያመነጫሉ፤ ዘሩ አጠገባቸው ቢኖርም አይነቃም። ጾምና ጸሎት በልብ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሰም አላውቅም።

እናንተ በመርሳና በወልድያ ያላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ መንፈሳዊ ጽሑፍ የምትሞክሩ ሁሉ፣ ልለምናችሁ። ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ማሳ ውረዱ፤ አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ሥሩን ቆፍራችሁ እዩ። ከዚያ ጻፉ።