ሙሉእመቤትን በየትኛው ፊልም እንፈልግ?

ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ ያለው የደነባ ሜዳ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀው በጠላት በኩል ሳይሆን አይቀርም። የጣሊያኑ ማርሻል የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሰማዩ የጣሊያን ነበር። ጦርነቱን የጣሊያን መንግሥት ፊልም ድርጅት የሆነው የሉቼ ተቋም ካሜራዎች ቀርጸውታል፤ ዛሬ እነዚያን ፊልሞች ቤት ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል።

ዳሩ ግን ካሜራው የተተከለበትን ቦታ መርሳት አይገባም። ከአውሮፕላን የተነሣው ምስል መንደሩንና ሰዉን ቁልቁል ያያል፤ ኢትዮጵያዊ አብራሪ ሊታይበት የሚችል ፊልም አይደለም።

አብራሪ ግን ነበረ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪ ሆኑ። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ የሚባሉት ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩም በዚሁ በተከፈተ በር ገቡ። ትምህርታቸውን ያቋረጠው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጀመረው ወረራ ነው።

በወረራው መሐል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዲሴምበር 1935፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በረረች። ስሟ "ፀሐይ" ነው፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም። (ልዕልቲቱ በኋላ ለንደን የተማሩት ነርስነት ነው፤ የአውሮፕላኗ ስም ግን አንዳንዱን አንባቢ አብራሪ ነበሩ ወደሚል ስሕተት ይመራዋል።) ጣሊያኖች ወሰዷት፤ ለአሥርተ ዓመታት ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ አውሮፕላኗ የተረፈችው ስለተዘረፈች ነው። ዘራፊ የወሰደውን ይመዘግባል፣ ያጸዳል፣ መስታወት ቤት ያስገባል። ሙሉእመቤትን ግን የማረካቸው የለም፤ ስለዚህ በማራኪው መዝገብ እሳቸውን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ፍለጋው መጀመር ያለበት ከወረራው በፊት ከተነሡ ፎቶግራፎችና ከአዲስ አበባ ጋዜጦች ነው።

አሮጌ ጥቅልል ፊልም ተገኝቶ አንዲት ሴት ከክንፍ ሥር ቆማ ብትታይ፣ ደስታው ከመብረዱ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው። አውሮፕላኑ ፖቴዝ ነው ወይስ የጣሊያኑ ካፕሮኒ? መቀመጫው ላይ ትወጣለች ወይስ ለፎቶ ብቻ ቆማለች? ካሜራውንስ የያዘው ማን ነው?