የማህደረ ትውስታ ምደባ መክሸፍ (በድራይቨር ኮድ)

የማህደረ ትውስታ ምደባ መክሸፍ ድራይቨር (መሣሪያን የሚያሠራ ፕሮግራም) ከከርነሉ፣ ማለትም ከስርዓተ ክወናው እምብርት፣ የጠየቀውን ቦታ ሳያገኝ የሚቀርበት ሁኔታ ነው። በሊኑክስ ኬማሎክ የተባለው ፈንክሽን ቦታ ሲያጣ ባዶ ጠቋሚ ይመልሳል፤ ድራይቨሩ ይህን ሳያጣራ ቢጠቀምበት መላው ኮምፒውተር ሊቆም ይችላል። ችግሩ የሚበረታው በኢንተራፕት ጊዜ፣ ማለትም መሣሪያ የፕሮሰሰሩን ሥራ ሲያቋርጥ ነው፤ ያኔ ቦታ እስኪለቀቅ ተኝቶ መጠበቅ አይፈቀድም። ጥንቁቅ ኮድ እያንዳንዱን ምደባ ወዲያው ይፈትሻል። ለምሳሌ ከተከታታይ ምደባዎች ሦስተኛው ቢከሽፍ፣ መጀመሪያ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ አንደኛውን ለቅቆ፣ የቦታ እጥረትን የሚያመለክተውን ኢኖሜም የተባለ የስህተት ኮድ፣ ማለትም ነጌቲቭ 12ን፣ ለጠሪው ይመልሳል። ስህተት በብዛት የሚደበቀው በዚሁ የመልቀቂያ መንገድ ላይ ነው፤ በተለመደ ሙከራ እምብዛም አይነካምና። በ2007 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ ውስጥ የገባው ዴቭሬስ የተባለ ሥርዓት፣ የመሣሪያው ዝግጅት ሲከሽፍ ወይም ድራይቨሩ ሲነሳ፣ በእሱ በኩል የተመደበውን ቦታ በራሱ ያስለቅቃል፤ ፍተሻውን ግን አያስቀርም።