አምስቱ ወንድ ጫጩቶች የት ይግቡ?

አንዲት የሀበሻ ዶሮ 12 እንቁላል ታቅፋለች እንበል። ጥሬ ለመልቀምና ውኃ ለመጠጣት ለአፍታ ከመነሳቷ በቀር 21 ቀን ሙሉ ከእንቁላሎቿ አትለይም። በመጨረሻ 10 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ከአሥሩ በግምት አምስቱ ሴት፣ አምስቱ ወንድ ናቸው። ሴቶቹ አድገው እንቁላል ይጥላሉ። ጥያቄዬ ስለ ወንዶቹ ነው፤ አምስቱን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?

«ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው?» ትሉ ይሆናል። አንዱ ለአውራነት ይቀራል፣ አንዱ ለፋሲካ ይታረዳል፣ የተረፉት በበዓል ገበያ ተሸጠው የደብተርና የዘይት መግዣ ይሆናሉ። ልክ ናችሁ፤ በእኛ ጓሮ መልሱ ያለቀለት ነው። ወደ ዘመናዊው የእንቁላል ኢንዱስትሪ ስትሄዱ ግን መልሱ ሌላ ነው። እዚያ ወንዱ ጫጩት በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። በዓለም ዙሪያ ቁጥሩ በዓመት ወደ 7 ቢሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል።

ለሺህ ዓመታት ጥቅሙን ማንም ገበሬ የሚያውቀው ወንድ ጫጩት እንዴት ቆሻሻ ሆነ? ታሪኩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ከጓሯችን እንጀምር።

የገባውና የወጣው

የዶሮ ቅድመ አያት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች የሚኖር ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። ወደ እኛ ቀጠና የመጣችው በጣም ቀደም ብላ ነው። ሔሊና ወልደኪሮስ እና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ መንደር የዶሮ አጥንቶች መገኘታቸውን አሳወቁ። ዕድሜያቸው ከ2,400 እስከ 2,800 ዓመት ይሆናል። በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የዶሮ አጥንቶች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። እንግዲህ ዶሮና የእኛ ሰው አብረው መኖር ከጀመሩ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ማለት ነው።

እኔ የምህንድስና ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ አንድን ፋብሪካ ለመረዳት መጀመሪያ የሚሠራው የቁስ ሚዛን ነው፤ በበሩ የገባውን ሁሉ በአንድ በኩል፣ የወጣውን ሁሉ በሌላ በኩል ትጽፋላችሁ። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ የረሳችሁት ነገር አለ። እስቲ ይህንን ለጓሮ ዶሮ እንሥራው።

የሚገባው ምንድን ነው? የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የእህል ግርድ፣ የጠላ አተላ፣ ትል፣ ምስጥ፣ ሣር። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው ለሰው ምግብ የማይሆን ነው፤ በገንዘብ የሚገዛውም ጥቂት ነው።

የሚወጣውስ? እንቁላልና ሥጋ እንዳለ ሆኖ፣ ኩስ አለ። የዶሮ ኩስ በናይትሮጅን ይዘቱ ከከብት እበት ይበልጣል። ለዚህም ነው ትኩሱን ችግኝ ሥር ብትደፉት ችግኙን የሚያቃጥለው። ከደረቅ ቅጠል ወይም ከገለባ ጋር ቀላቅላችሁ እስኪብላላ ብትጠብቁ ግን ለጎመኑ ግሩም ማዳበሪያ ይወጣዋል። (ኩስ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና መታጠብ አትርሱ፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።)

የእንቁላሉ ቅርፊትም አለ። በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በአንዱ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይገኛል። ዶሮዋ ይህን ከምግቧ ካላገኘች ከራሷ አጥንት ትወስዳለች። ስለዚህ ቅርፊቱን አድርቃችሁ፣ በደንብ ፈጭታችሁ መልሱላት። ለምን መፍጨት አስፈለገ መሰላችሁ? እንቁላል እንቁላል የሚመስል ቅርፊት የለመደች ዶሮ የራሷንም እንቁላል መብላት ልትጀምር ትችላለች።

እንቁላል መጣል ያቆመችው አሮጊት ዶሮስ? ሥጋዋ ጠንካራ ነው። ጥንካሬው የሚመጣው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ፕሮቲን በዝግታና ለረጅም ሰዓት ሲበስል ወደ ጄላቲን ይለወጣል። በሌላ አነጋገር ዶሮ ወጥ ለአሮጊት ዶሮ የተመቸ የአበሳሰል ዘዴ ነው። አንዷ ዶሮ 12 ብልት ሆና፣ ከፈረሰኛው እስከ አንገቷ ለእያንዳንዱ ባለቤት ተገኝቶለት፣ ቤተሰብና እንግዳ ታበላለች። አጥንቱም ቢሆን ከነመረቁ ይጠባል።

ሚዛኑ እንግዲህ ይኸው ነው። በገባውና በወጣው መካከል የሚጣል ነገር ማግኘት ይከብዳል። አምስቱ ወንድ ጫጩቶችም በዚህ ሚዛን ላይ ቦታ አላቸው። ቀስ ብለው ማደጋቸው ማንንም አያከስርም፤ የሚበሉት ግርድና ትል ነዋ!

ዶሮ ለሁለት ስትከፈል

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1923 በደላዌር ግዛት ኦሽን ቪው በምትባል ቦታ የምትኖር ሴሲል ስቲል የተባለች ሴት፣ እንቁላል ለማምረት 50 ጫጩቶች አዘዘች። በስህተት 500 መጡላት። አልመለሰቻቸውም፤ አሳድጋ ለሥጋ ሸጠቻቸው። ትርፉ ጥሩ ስለነበር በሚቀጥሉት ዓመታት ብዛታቸውን እየጨመረች ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ1926 10,000 ዶሮ የሚይዝ ቤት ሠርታ ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአሜሪካም የዶሮ ሥጋ በአብዛኛው የእንቁላል ምርት ተረፈ ነገር ነበር፤ የሚበላው ወንዱና ያረጀችው ነበሩ። ከስቲል በኋላ ለሥጋ ብቻ ዶሮ ማርባት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

በዚያው ዘመን በጃፓን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ማሱይ እና ሃሺሞቶ የተባሉ ሳይንቲስቶች የአንድ ቀን ጫጩት ወንድ ይሁን ሴት ከኋላው አይቶ የሚለይ ዘዴ አገኙ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1927 በካናዳ ኦታዋ በተካሄደው የዓለም የዶሮ እርባታ ጉባኤ ለዓለም ቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ የሠለጠኑ ጃፓናውያን በሰሜን አሜሪካ የጫጩት ማስፈልፈያዎች መሥራት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ገበሬው ጾታውን የሚያውቀው ጫጩቱ ሳምንታት ካደገ በኋላ ነበር። እስከዚያ ደግሞ ስላበላው፣ ማሳደጉን ይቀጥላል። አሁን ግን በመጀመሪያው ቀን መለየት ተቻለ። ሊለይ የማይችል ነገር ተለይቶ ሊጣል አይችልም። ወንዱን ጫጩት ለመጣል መጀመሪያ የመለየት ዕውቀት ያስፈልግ ነበር።

ሦስተኛው እርምጃ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ደላዌር ውስጥ «የነገዋ ዶሮ» የተባለ አገር አቀፍ ውድድር ፍጻሜውን አገኘ። አርቢዎች እንቁላል ልከው፣ ጫጩቶቹ በአንድ ዓይነት ሁኔታ አድገው፣ ደረተ ሰፊና ሥጋ የሞላች ዶሮ ያቀረበው አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የሥጋ ዶሮና የእንቁላል ዶሮ እየተራራቁ ሄዱ። ዛሬ የሥጋዋ በስድስት ሳምንት ገደማ ለገበያ ትደርሳለች፤ የእንቁላሏ በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች።

የእንቁላል ዶሮ ወንድም ግን ከሁለቱም ወጣ። እንቁላል አይጥል፣ ሥጋው ቶሎ አይደርስ። በጓሮ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። እዚህ ግን መኖው በገንዘብ የተገዛ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ እያንዳንዱ የዕድገት ቀን ዋጋ አለው። ስለዚህ ሚዛኑ ተገለበጠ። ልዩነቱ ያለው በሚገባው ነገር ላይ እንደሆነ አስተዋላችሁ?

ያልተቆጠረው ሥራ

በአገራችን የፈረንጅ ዶሮ በትምህርትና በምርምር ተቋማት መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ ጅማና ዓለማያ የነበሩት የግብርና ትምህርት ቤቶች ከቀደምቶቹ ናቸው። ማወዳደሪያው በዓመት የሚጣለው የእንቁላል ቁጥር ነበር። በዚህ መለኪያ የሀበሻ ዶሮ ትሸነፋለች፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብትጥል ነው።

ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው። 13 ያህል እንቁላል ለመጣል ሦስት ሳምንት፣ ለማቀፍ ሦስት ሳምንት፣ ጫጩት ለማሳደግ ስምንት ሳምንት ይፈጅባታል እንበል። በድምሩ 14 ሳምንት። ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ ዙሩ ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል ይደጋገማል፤ 45 ገደማ እንቁላል ማለት ነው። በቀረው ጊዜ ሰነፍ ሆና አይደለም! እንቁላሎቹን 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እያሞቀች፣ እያገላበጠች፣ ከዚያም ጫጩት እየጠበቀችና መልቀም እያስተማረች ነው። የፈረንጇ ዶሮ የማቀፍ ባሕርይ በምርጫ እርባታ ስለጠፋ ይህን ሥራ የሚተካላት ማሽን፣ መብራትና ሠራተኛ ያስፈልጋል። መዝገቡ ላይ ግን የሀበሻዋ የማቀፊያ ሳምንታት «ዜሮ እንቁላል» ተብለው ነው የሚጻፉት።

ይህን ስል የጓሮ ዶሮ እንከን የለባትም እያልኩ አይደለም። ልጅ ሆኜ አያቴ ጓሮ 11 ጫጩት ቆጥሬ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ብቻ ቀሩ። ጭልፊትም ነበር፣ ሸለምጥማጥም ነበር፣ ከሁሉ የከፋው ግን ፈንግል ነው። አያቴ «ያላደላቸው ናቸው» ብላ ታልፈዋለች። እኔ ግን ዛሬ ወደዚያ ሚዛን ስመለስ፣ የወጣው መስመር ላይ ያልጻፍኩት ትልቅ ነገር እንዳለ ይታየኛል። 12 እንቁላል፣ የእናትየዋ ሦስት ሳምንት፣ የተለቀመው ጥሬ ሁሉ በስምንቱ የሞቱ ጫጩቶች አብሮ ጠፍቷል። ቅርፊት ፈጭተን፣ አጥንት ጠብተን ካዳንነው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህኛው ብክነት ይቀነሳል። ለፈንግል ሙቀት የሚቋቋም ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ያመርተዋል። ጫጩቶቹን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርጫት ከድኖ መጠበቅ፣ ማታ ማታ በር ባለው ቤት ማሳደርም ብዙ ወጪ የለውም።

በሌላው ዓለም ደግሞ የአምስቱ ጫጩቶች ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ወንድ ጫጩት መግደልን በሕግ ከልክላለች። አሁን መሐንዲሶች እንቁላሉ ሳይፈለፈል ጾታውን የሚለዩ ማሽኖች ይሠራሉ፤ አርቢዎችም ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆኑ ዝርያዎችን እንደገና እያዩ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ለሁለት የተከፈለችውን ዶሮ መልሶ አንድ የማድረግ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

በእኛም አገር የዶሮ እርባታ እያደገ ነው፤ ከእናንተ መካከል አንዳችሁ ነገ የእንስሳት ሳይንቲስት ወይም የማስፈልፈያ ማሽን መሐንዲስ ትሆኑ ይሆናል። እስከዚያው ቤታችሁ ዶሮ ካለ አንድ ደብተር አዘጋጁ። የተጣለውን እንቁላል ብቻ አትጻፉ። ስንት ታቀፈ፣ ስንት ተፈለፈለ፣ በሁለተኛው ወር ስንት በሕይወት አለ፣ የጠፋው በምን ጠፋ የሚለውንም ጻፉ። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ፣ ጓሯችሁ ውስጥ የሚባክነው ነገር የቱ እንደሆነ ደብተሩ ይነግራችኋል።