ሁለት ባለቤት ያገኘው ዋንጫ

መጋቢት 8 ቀን 2012 ዓ.ም. የአየርላንዳውያን ትልቁ በዓል፣ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነበር። በዚያ ዕለት ክሎንጎውስ ውድ እና ኒውብሪጅ የተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ደብሊን ከተማ በሚገኘው የአር.ዲ.ኤስ. ሜዳ ለሌንስተር ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች የራግቢ ዋንጫ ፍጻሜ ቀጠሮ ነበራቸው። ቀኑ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ግን የአገሪቱ መንግሥት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። (የእኛዎቹም ከአራት ቀን በኋላ ተዘግተዋል።) ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ፤ ዋንጫው ለሁለቱም በጋራ ተሰጠ።

ክሎንጎውስ ዋንጫውን ከዚያ በፊትም ደጋግሞ አንስቷል። የኒውብሪጅ ነገር ለየት ይላል። በኪልዴር የሚገኘው ይህ የዶሚኒካን መነኮሳት ትምህርት ቤት ያሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በ1941 እና በ1970 (ከዚህ ጀምሮ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድፍን 50 ዓመት ጠብቆ በ2020 ያገኘው እንግዲህ ግማሽ ዋንጫ ነው።

ውድድሩ የተጀመረው በ1887 ነው። የመጀመሪያው አሸናፊ ብላክሮክ ኮሌጅ ሲሆን እስካሁንም የሚደርስበት አልተገኘም፤ ዋንጫውን ወደ 70 ጊዜ ገደማ ወስዷል። በኋላ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኤመን ደ ቫሌራ ራግቢ መጫወት የጀመሩት እዚያ ነው፤ ዝነኛው የራግቢ ተጫዋች ብራያን ኦድሪስኮልም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ሲያሸንፍ የሌሎቹ ታሪክ በአብዛኛው የሽንፈት ታሪክ ይሆናል። ሽንፈቱ ደግሞ ይመራል። ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆችም ትምህርት ቤቱን ሊሰናበቱ የደረሱ የ17 እና የ18 ዓመት ወጣቶች ናቸው። «ለከርሞ እንክሳለን» ማለት የሚችለው ትምህርት ቤቱ እንጂ ልጁ አይደለም።

ድል ምን ያህል በጥቂት ቅጽበት እንደሚወሰን ለማየት የ2002ቱ ፍጻሜ ይበቃል። ሴንት ሜሪስ እና ቤልቬዴር የተባሉ ትምህርት ቤቶች ተገናኙ። ከሴንት ሜሪስ ተቀያሪዎች አንዱ ጆኒ ሴክስተን የተባለ ልጅ ነበር። ገባና የማሸነፊያዋን ነጥብ በድሮፕ ጎል አስቆጠረ። ድሮፕ ጎል ቀላል ነገር አይደለም፦ ተጫዋቹ ሞላላዋን ኳስ ከእጁ ይለቃል፤ መሬት ነክታ ስትነሳ ይመታታል፤ ከሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች ሦስት ነጥብ ነው። ሞላላ ኳስ ደግሞ ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅም። ያ ልጅ ከ16 ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል፣ ከ40 ሜትር በላይ ርቀት ተመሳሳይ ምት መትቶ አየርላንድ ፈረንሳይን 15 ለ 13 እንድትረታ አድርጓል።

ጎርደን ዳርሲ ደግሞ በ1998 ከክሎንጎውስ ጋር ዋንጫውን ሲያነሳ እጅግ ከመድመቁ የተነሳ የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት ዋረን ጋትላንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ አብሯቸው እንዲጓዝ ጠየቁት። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለብኝ ብሎ ቀረ። ብሔራዊ ማልያውን በ1999 ለበሰ፤ ፈተናው ምንም አላስቀረበትም።

እነዚህን ብቻ ያየ ዋንጫው የታላቅነት በር ነው ሊል ይችላል። እኔ አልስማማም፤ ማስረጃዬም ራሱ ኒውብሪጅ ነው። የአየርላንድ ተጫዋቾች የነበሩት ጆርዳን መርፊ እና ጄሚ ሂስሊፕ የተማሩት እዚያ ነው፤ ሁለቱም ይህን ዋንጫ አላነሱም። ሂስሊፕ ግን ለአየርላንድ 95 ጊዜ ተሰልፏል፤ በ2009 አገሩ የስድስቱን አገሮች ውድድር ያለሽንፈት ስታጠናቅቅ ነበረበት፤ ከሌንስተር ክለብ ጋርም የአውሮፓን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ወስዷል። በ18 ዓመቱ ዋንጫ ማጣቱ መንገዱን አልዘጋበትም።

ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ግን ሽንፈትን አይረሱም። ጎንዛጋ የተባለው ትምህርት ቤት በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ በሴንት ማይክልስ ተሸነፈ። በ2023 ተመልሶ መጣና ብላክሮክን 35 ለ 31 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። በ2019 የተሸነፉት ልጆች በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱን ለቀው ነበር፤ ደስታው የታናናሾቻቸው ሆነ።

ወደ 2020 ስንመለስ፣ ዋንጫውን ለሁለት መስጠቱ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሌላው አማራጭ ለማንም አለመስጠት ነበር፤ ያ ደግሞ እስከ ፍጻሜ ድረስ ተጋጣሚዎቻቸውን በሜዳ ያሸነፉ ልጆችን በማያውቁት ጥፋት መቅጣት ይሆናል። ለኒውብሪጅ ልጆች ግን ድል ነው ለማለት ይከብደኛል። ሽልማቱን አግኝተዋል፤ ማን ይበልጥ እንደነበር የሚለየውን ጨዋታ አልተጫወቱም፤ ማንም አያጫውታቸውም።